እናቴ ፕሬድኒሶሎን ከጀመረች ወዲህ ሌሊት ዓይኗ አይከደንም፣ ምን ይሻላል?

ማራኪ_ሰፈር

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ጎንደር ያላችሁም ሌላ ቦታ ያላችሁም የምታውቁት ነገር ካለ ባካችሁ ንገሩኝ፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። እናቴ ሃምሳ ምናምን ዓመቷ ነው። ቆዳዋ ላይ ውሃ እየቋጠረ የሚፈነዳ ቁስል ወጣባት፣ አፏ ውስጥ ሳይቀር፣ መጀመሪያ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ምናምን ተቀባች፣ እየባሰባት ሲሄድ ሆስፒታል ወሰድናትና ፔምፊገስ ነው አሉን። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ታዘዘላት፣ ያቺ ትንሿ ባለ 5 ሚሊግራም ፍሬ ናት፣ በቀን 12 ፍሬ ትውጣለች፣ 60 ሚሊግራም መሆኑ ነው። እውነቱን ለመናገር ለቁስሉ ፈውስ ነው የሆነላት፣ አዲስ መውጣቱ ቆሟል፣ ውሃ እንኳ ስትጠጣ እንባዋ ይመጣ የነበረች ሴትዮ አሁን እንጀራ በወጥ ትበላለች።

ችግሩ ሌሊቱ ነው። 4 ሰዓት ላይ አብረን ጋደም እንላለን፣ 7 ሰዓት ላይ ስባንን አልጋዋ ባዶ ነው። ሳሎን ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች፣ የእንዝርቱ ድምፅ ነው የሚቀሰቅሰኝ። ለዓመት ይበቃል ያልነውን ጥጥ ልትጨርሰው ነው። በቀደም ደግሞ ጭራሽ 9 ሰዓት ሌሊት ጓዳውን ገልብጣ ድስቱን ሁሉ በአመድ ስትፈትግ አገኘኋት። ቀን ላይ ደግሞ ታወራለች ታወራለች፣ እናቴ'ኮ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ድክም እንዳላት ፊቷ ላይ ያስታውቃል ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ጎረቤት ጠበል ውሰጃት ይላል፣ አክስቴ ደግሞ መድኃኒቱ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል አቁሙላት ብላ ክኒኑን ልትደብቀው ምንም አልቀራት። ቀጠሮዋ ገና ነው። እውነት መድኃኒቱ ነው እንዲህ የሚያረጋት? ብታቆመውስ ይተዋታል? ወይስ የእንቅልፍ ክኒን ገዝቼ ልስጣት?

ጃንተከል_ዋርካው

ክኒኑ ነው እህቴ አትጠራጠሪ። እኔ አስሜ ሲነሳብኝ 40 ሚሊግራም ለአምስት ቀን ይሰጡኛል፣ ማታ ከድንገተኛ ክፍል ወጥቼ የዋጥኩ ቀን ኮርኒሱ ላይ እንዳፈጠጥኩ ነው የሚነጋው፣ የምነፋው ቬንቶሊን ደግሞ እጄን ያንቀጠቅጠኛል ልቤን ያስመታኛል፣ ሁለቱ ሲገናኙ በቃ ሰው አልሆንም። የኔ ግን አጭር ስለሆነ አምስተኛው ቀን ላይ አልቆ እገላገላለሁ። የእናትሽ ረጅም ነው፣ እንደኔ በቃኝ ብሎ መተው አይቻልም ሲሉ ሰምቻለሁ፣ የሚያውቅ ያብራራ።

ፒያሳ_ቦይ

ቆይ ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ስቴሮይድ ደግሞ ጂም የሚሠሩ ልጆች ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወጉት አይደለም እንዴ? ለእናት እንዴት ይሰጣል?

ክኒን_ቆጣሪ

@ፒያሳ_ቦይ ያ ሌላ ነው፣ ከወንድ ሆርሞን ወገን ነው፣ ስማቸው ነው የተገናኘው። ይሄኛው ጡንቻ እንደውም ያሳሳል።

@ማራኪ_ሰፈር አዘዞ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሁሉም ሰው ስለ ክኒኑ አወራ፣ ስለ ሰዓቱ ግን ማንም አልጠየቀሽም። 12ቱን ፍሬ በስንት ሰዓት ነው የምትውጠው? አንዴ ነው ወይስ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ? ወረቀቱስ ምን ይላል?

ለምን እንደምጠይቅሽ ልንገርሽ። ሰውነታችን ራሱ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይሠራል፣ ከኩላሊት ራስ ላይ ያሉ አድሬናል የሚባሉ እጢዎች ናቸው የሚያመርቱት። ይሄ ነገር ሰዓት ያውቃል፣ ሊነጋጋ ሲል መጨመር ይጀምራል፣ ጠዋት 1 ሰዓት 2 ሰዓት ላይ ከፍ ይላል፣ ከዛ ቀኑን ሙሉ እየወረደ እኩለ ሌሊት አካባቢ ታች ይደርሳል። ፕሬድኒሶሎን የዚሁ የኮርቲሶል ወገን ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ አራት እጥፉ ነው። ጤነኛ ሰውነት በቀን የሚሠራው ኮርቲሶል በፕሬድኒሶሎን ሲሰላ 5 ሚሊግራም አካባቢ ነው የሚመጣው፣ አንድ ፍሬ ማለት ነው። እናትሽ 12 ነው የምትውጠው። እና ያን ሁሉ ወደ ማታ ስትውጠው ጭንቅላቷን ነግቷል ተነሺ ማለት ነው። ከደም ውስጥ ቶሎ ነው የሚወርደው፣ በሁለት በአራት ሰዓት ውስጥ ግማሹ ይሄዳል፣ ሥራው ግን ከ12 እስከ 36 ሰዓት ይቆያል፣ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የተዋጠ ክኒን ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ቢተኙም እንኳ ቶሎ ቶሎ ያባንናል፣ ህልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያሳንሳል፣ ለዛ ነው ተኝተውም ያልተኙ የሚመስላቸው።

በነገራችን ላይ ወረቀቱን አይተሽ 8:00 የሚል ካለበት የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ በኛ 2 ሰዓት ጠዋት ማለት ነው። ስንቱ ሰው ነው 8 ሰዓት ከሰዓት ወይ ማታ አርጎ የሚወስደው፣ ቆጥረን ስንሰጥ ጮክ ብለን መንገር ያለብን እኛ ነበርን፣ ሰልፉ ሲበዛ ይዘለላል፣ የሙያ ጓደኞቼ ይቅር ይበሉኝ።

ማራኪ_ሰፈር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱ በአማርኛ "ጠዋት ከምግብ ጋር" ነው የሚለው፣ መጀመሪያም እንደዛ ነበር የምትወስደው። አሁን ግን ፍልሰታ ገባ አይደል፣ ከቅዳሴ ሳልመለስ እህል አልቀምስም አለች፣ ባዶ ሆድ ደግሞ አትውሰጂ ስላሏት ከቅዳሴ መልስ 9 ተኩልም 10 ሰዓትም ላይ እህል ቀምሳ ነው የምትውጠው። ከዛ ቡና ይፈላል፣ እስከ በረካው ትጠጣለች፣ ሲመሽ ነው የሚነሳው። ፆሙ ሳይገባም እንቅልፏ ቀላል ነበር፣ እንደዚህ ግን አልነበረም፣ አሁን ሳስበው የባሰባት ፆሙ ከገባ ወዲህ ነው።

ክኒን_ቆጣሪ

በይ አገኘሽው። 10 ሰዓት ላይ 60 ሚሊግራም፣ በላዩ ላይ ሦስት ሲኒ ቡና። እንኳን እናትሽ እኔም አልተኛም። ወረቀቱ የሚለው ላይ ተመለሱ፣ ጠዋት 1 ወይ 2 ሰዓት፣ 12ቱንም አንዴ፣ ከቁርስ ጋር። ዛሬ ከሰዓት የወሰደችውን ነገ ጠዋት ላይ ለማዞር ሰዓቱ ስለሚቀራረብ ያዘዘላት ክፍል ደውለሽ ወይ ሄደሽ እንዴት እንደምታዞሩት ጠይቂ፣ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቂ፣ አንድ ጥያቄ ነው። ይሄን የምታነቡ ሌሎች ደግሞ በቀን ሁለቴ ከተባላችሁ ሁለተኛው ከ8 ሰዓት ቀን ባያልፍ ይመረጣል፣ ግን ሐኪሙ የከፈለበት ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ሳትጠይቁ አትቀያይሩ። ቡናውንም ጠዋት ላይ አርጊላት፣ አትከልክያት፣ ጎንደሬ ሴትዮ ቡና ተከልክላ ደግሞ በሌላ በኩል ትታመምብሻለች።

አክስትሽን ግን እባክሽ ክኒኑን እንዳትነካ አርጊ። ይሄ መድኃኒት በብዛት ለሳምንታት ሲወሰድ ቅድም ያልኩሽ እጢ ከውጭ እየመጣለት ስለሆነ ሥራውን ያቆማል። በአንዴ ሲቋረጥ እጢው ቶሎ አይነሳም፣ ሰውየው ኮርቲሶል የሌለው ይሆናል፣ ድካም ማስመለስ የደም ግፊት መውረድ ራስ መሳት፣ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው። ለዛ ነው በሐኪም ቁጥጥር ቀስ እየተባለ የሚቀነሰው። ቁስሉም ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። እንቅልፍ ማጣት ክፉ ነው ግን ከዛ አይበልጥም።

የቄስ_ልጅ_ዳባት

ስለ ፆሙ ትንሽ ልበል። አንቺ ልጇ ብትነግሪያት አትሰማሽም፣ የኔም እናት እንደዛው ናት። የንስሐ አባቷን ቤት ድረስ ጥሪላትና ከሳቸው አፍ ትስማ። ፍትሐ ነገሥቱም ቢሆን ሕመምተኛን በፆም አያስገድድም፣ አባቴም ለስኳርና ለቲቢ በሽተኞች ሲፈቅድ ነው ያደግኩት። ደግሞ አስቢው፣ ሥጋና ወተት ብዪ ያላት የለም፣ ሰዓቱን ነው አስቀድሚው የተባለችው። ጠዋት አጥሚት በውሃ፣ ወይ ትንሽ በሶ ቀምሳ መድኃኒቷን ትውጥና ከዛ ቅዳሴውን ትሂድ፣ የሚቀርባት ነገር ቢኖር ቁርባኑ ነው እሱንም ከአባ ጋር ትነጋገርበት። የፍስክ ምግብ እንዳትነካ ብቻ ራሷ ትጠንቀቅ፣ እሱን ደግሞ እሷ አንቺን ታስተምርሻለች።

ሰሚራ_አራዳ

እኛም ቤት ይሄው ነው በረመዳን። አባቴ በሳንባው ምክንያት ይሄንኑ ክኒን ይወስዳል፣ ከኢፍጣር በኋላ እየወሰደ እስከ ሱሁር ቁጭ ነበር፣ እኛ ተራዊህ ሰግዶ ቁርአን ስለሚቀራ መስሎን ማሻአላህ እንላለን። ሐኪሙ ሲሰማ ሳቀና ወደ ሱሁር አዞረለት፣ በልቶ ውጦ ይሰግዳል። ከዛ በኋላ ማታ ተኝቷል አልሐምዱሊላህ። ግን ለሁሉም ሰው አይሠራም፣ አንዳንዱ ጭራሽ እንዳይፆም ነው የሚባለው፣ ጠይቁ።

ቀበሌ18

ምን ያጨናንቃችኋል ዳያዜፓም አንድ ፍሬ ስጫትና ድብን ትበል። እናቴ ሁሌ ነው የምትወስደው።

ክኒን_ቆጣሪ

@ቀበሌ18 ወንድሜ እሱ ያለ ማዘዣ አይሸጥም፣ የሚሸጥልህ ካለም ጥሩ አላረገልህም። ይለመዳል፣ ለማቆምም ያስቸግራል። ሌላው ደግሞ እናቷ ሃምሳ አልፋለች፣ ስቴሮይድ አጥንት ያሳሳል፣ በዳያዜፓም ደንዝዛ ሌሊት ሽንት ቤት ልትሄድ ስትል በዚህ ጭቃ ውጭ ብትወድቅ ዳሌዋ ነው የሚሄደው። የእንቅልፍ መድኃኒት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፣ መጀመሪያ ግን ሰዓቱ ይስተካከል፣ ከዛ አልሆን ካለ ሐኪሟ ይወስን።

ሉፐስ_እና_እኔ

እኔ ሉፐስ ነው ያለብኝ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ ነው፣ ከዚህ ክኒን ጋር ዓመታት ነው የኖርነው፣ ስለ ፊት ማበጡ አልነግርሽም ታዪዋለሽ። ስለ ሌሊቱ ግን ልንገርሽ ምክንያቱም ሐኪም አይነግርሽም። ሰዎች የሚያውቁት እንቅልፍ ማጣት ጭንቀት ያለበት ነው፣ ይሄኛው ሌላ ነው፣ ጭንቅላትሽ ውስጥ ሠርግ ቤት ያለ ነው የሚመስልሽ። ሰውነትሽ ዝሏል እግርሽ ይቆረጥማል ግን ሐሳብሽ ይሮጣል፣ ሁሉም ነገር አሁን ካልተሠራ ይልሻል። እኔ አንድ ሌሊት አልጋ ልብሱን መጋረጃውን ሁሉ አውጥቼ ጊቢ ውስጥ ሳጥብ የጎረቤት ዘበኛ ሌባ ገባ ብሎ ፊሽካ ነፍቷል፣ እስካሁን ሰፈር ውስጥ ይሳቅብኛል። ስለዚህ እናትሽ ስትፈትል ብታገኛት አትቆጫት፣ አብዳለች እንዳትሏትም፣ እሷ ራሷ ይሄን ፈርታ ይሆናል ዝም ያለችሽ። መድኃኒቱ ነው፣ ሲቀነስ ይቀንሳል፣ ይሄን ብቻ ብትነግሪያት ግማሹ ጭንቀት ይለቃታል።

ጠዋት መውሰዱ ብዙ ለውጥ አለው ግን እንደ ድሮው እተኛለሁ ብላ እንዳትጠብቅ፣ በ60 ብዙ ሰው ደህና አይተኛም። እኔ 20 ስደርስ ነው የተነፈስኩት፣ 10 ላይ ሰው ሆንኩ። እስከዛ ድረስ ከባነነች አልጋ ላይ እየተገላበጠች ከምትናደድ ተነስታ ትንሽ ቁጭ ብትል ይሻላል፣ መብራቱን ደብዘዝ አርጋ፣ ፈትሉም እኮ መጥፎ አይደለም እንደውም ከስልክና ከቲቪ ይሻላል። ድስት መፈተጉን ግን ትተው ያነቃቃል። ቀን ላይ ደግሞ ከምሳ በኋላ ለሁለት ሰዓት ድብን ካለች ማታው አለቀለት፣ ጋደም ማለት ካለባትም አጭር ይሁን። ረሃቡ ሌላ ጣጣ ነው፣ 8 ሰዓት ሌሊት ላይ ሆዷ ይጮሃል፣ ጨውና ስኳር የሌለበት ነገር አስቀምጪላት፣ ትንሽ ቆሎ፣ ሽምብራ። ሙሉ ትሪ እንጀራ አቅርባ እንዳትበላ እንጂ፣ እኔ በልቻለሁ ውጤቱን ሚዛን ላይ አየሁት ሃሃ።

ነርስ_ነኝ_ሌሊት_ተረኛ

ሁሉም ጥሩ ብሏል ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሌሊት የምትነሳው ሽንት እያጣደፋት ነው ወይ? ውሃ ይጠማታል? ስቴሮይድ ስኳር ከፍ ያረጋል፣ ድሮ ስኳር የሌለባትም ላይ፣ እና ሰው እንቅልፍ አጣሁ ይልሻል ሲጣራ ሌሊት አራት ጊዜ ሽንት ቤት እየተመላለሰ ነው። ለምርመራ ስትሄጂ ደግሞ ጠዋት በባዶ ሆድ ብቻ ተለክታ ኖርማል ነው ብትባል አትርኪ፣ ክኒኑ ጠዋት ሲወሰድ ስኳሩ የሚጨምረው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከምሳ በኋላ ያለውንም እንዲለኩላት ጠይቂ።

ሁለተኛው ዋናው ነው። አለመተኛት ብቻውን የተለመደ ነው፣ ወሬ መብዛትና መፍጠንም እስከ ተወሰነ ድረስ። ግን የሌለ ድምፅ ከሰማች፣ መርዝ ሰጡኝ ይከታተሉኛል ማለት ከጀመረች፣ ያላትን ብር አውጥታ ልትበትን ካለች፣ ወይ በተቃራኒው አልቅሳ አልቅሳ ሞት ይሻለኛል ካለች፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ ሁለት ሌሊት ምንም ዓይኗ ካልተከደነ ቀጠሮ ምናምን ሳትዪ በዛኑ ቀን ድንገተኛ ውሰጃት። ይሄ ሲያጋጥም ዛር ነው ተብሎ ስንት ሰው ጠበል ቦታ ሳምንት ከርሞ ይመጣል፣ ጠበሉ ባልከፋ፣ መድኃኒቱን ስለሚያስቆሟቸው ነው ችግሩ። ከመጠኑ ጋር የተያያዘ ነገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ቦስተን የተሠራ ጥናት አለ እስካሁን ይጠቀሳል፣ በቀን እስከ 40 ሚሊግራም የሚወስዱት ላይ የአእምሮ መታወክ 1.3 በመቶ ነበር፣ ከ41 እስከ 80 ባሉት 4.6፣ ከ80 በላይ ሲሆን 18.4 በመቶ። እናትሽ መሀለኛው ላይ ናት፣ ብዙው ሰው ምንም አይሆንም፣ ግን ዓይንሽ አይለያት። በፊት የአእምሮ ሕመም ነበረባት ከሆነ ለሐኪሟ ንገሪ።

ሌላ ከእንቅልፍ ጋር ባይገናኝም ካነሳሁ አይቀር፣ ከገጠር የመጣች ወይ በባዶ እግር እርሻ ላይ የሠራች ከሆነች የሰገራ ምርመራ ተደርጎላት እንደሆነ ጠይቂ። ስትሮንጊሎይድስ የምትባል የአንጀት ትል አለች፣ ዓመታት ዝም ብላ ተቀምጣ ስቴሮይድ ሲበዛ በመላ ሰውነት ትሠራጫለች፣ ገዳይ ናት። ሳል ወይ ማታ ማታ የሚያልብ ትኩሳት ካለም ቲቢ እንዳይሆን ይታይ።

የአቤል_እናት

የኔ ልጅ የኩላሊት ነው፣ ፕሮቲን በሽንቱ እየወጣ ፊቱ የሚያብጥበት። መጀመሪያ በየቀኑ ነበር አሁን አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን ይዘላል። መድኃኒት የዋጠ ዕለት ማታ እንደ ጥጃ ሲቦርቅ አልጋ ላይ ሲዘል እህቱን ሲደበድብ ነው የሚያመሸው፣ ባልወሰደበት ቀን በ2 ሰዓት ማታ እንቅልፉ መጥቶ እራቱን ሳይጨርስ ይተኛል። እኔ ይሄን ካየሁ በኋላ ማንም ክኒኑ አይደለም ቢለኝ አልሰማም። ለአስተማሪው ሁሉ ነግሬዋለሁ፣ በመድኃኒቱ ቀን ቢረብሽ እንዳይመታብኝ።

ሳሙና_በር

ይሄን የምታነቡ ሴቶች አንድ ነገር ልበላችሁ። ማወፈሪያ ተብሎ ሱቅ ውስጥ በላስቲክ ቆጥረው የሚሸጧት ክኒን ውስጥ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን አለ፣ ያው ስቴሮይድ ነው። ጓደኛዬ ሠርጓ ሲደርስ ጉንጭ ላውጣ ብላ ስትወስድ ነበር፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ስትል እኛ የሠርግ ጭንቀት ነው እያልን ስንቀልድባት። ፊቷ አበጠ፣ ወፈረች ተብላ ተመረቀች፣ ከሠርጉ በኋላ ስታቆመው ወድቃ ሆስፒታል ገባች። ዛሬም በየመንደሩ ይሸጣል።

ክኒን_ቆጣሪ

@ሳሙና_በር ጥሩ አነሳሽው። ዴክሳሜታዞን 0.75 ሚሊግራሙ ከፕሬድኒሶሎን 5 ጋር እኩል ነው፣ ሥራው ደግሞ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይቆያል፣ ስለዚህ እሱን ጠዋት መውሰድ እንኳ ሌሊቱን ሙሉ በሙሉ አያድነውም። ማን እንደሸጠው በማይታወቅ ላስቲክ ውስጥ ያለውን ማንም አይዋጥ።

ማራኪ_ሰፈር

መጣሁ፣ የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ። ሆስፒታል ሄጄ ያየቻት ዶክተር አግኝቼ ነገርኳት፣ ሰዓቱን እንዴት እንደምናዞረው በወረቀት ጻፈችልኝ፣ መጠኑን ግን አልቀነሰችም፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው ቀስ እያልን የምንወርደው አለች። የንስሐ አባቷም መጥተው ነበር፣ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ እሺ አባቴ አለች፣ እኔ ስንት ቀን ስለምናት የነበረውን! አሁን ጠዋት አጥሚት ጠጥታ ክኒኗን ትውጥና ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች፣ ቡናውም ከ6 ሰዓት በፊት ሆኗል፣ ጎረቤቶች ብቻ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል።

ሌሊቱ አልተስተካከለም ግን ተሻሽሏል፣ 4 ሰዓት ተኝታ 8 አካባቢ ትነቃለች፣ ቁጭ ትልና አንዳንዴ መልሶ ይወስዳታል። ወሬው እንዳለ ነው፣ ግን የሌለ ነገር አታይም አትሰማም፣ ነርሷ ያለችውን ሁሉ እየተከታተልኩ ነው። ስኳሯ ከምሳ በኋላ ከፍ ብሎ ተገኝቷል ለሱም ክትትል ጀምራለች፣ ለካ ሽንቱም ያባንናት ነበር። የሰገራ ምርመራውንም አሠራናት ነጻ ነው። አክስቴ አሁንም አልተቀበለችም፣ መድኃኒቱን እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው የማሳድረው።

ሉፐስ ያለሽ እህቴ መልእክትሽን አነበብኩላት፣ ፊሽካው ላይ ስትደርስ በሳቅ ሞተች።

ሉፐስ_እና_እኔ

እሰይ! ሰላም በይልኝ። ጋቢ ከሠራችበት ደግሞ ለኔም አንድ ትያዝልኝ፣ እከፍላለሁ።

ክኒን_ቆጣሪ

ደስ ይላል። አንድ ነገር ብቻ፣ በቀን 12 ፍሬ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ መድኃኒቱ ደግሞ አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል። አንድ ሳምንት የሚበቃ ሲቀርሽ ጀምረሽ ፈልጊ፣ መጨረሻው ፍሬ ላይ አትድረሺ። ባለ 5 ካጣሽና ሌላ ሚሊግራም ከሰጡሽ ቁጥሩ ስለሚቀየር ስንት ፍሬ እንደሚሆን እዛው ፋርማሲው አስቆጥረሽ ማሸጊያው ላይ አስጽፊው፣ ከነሰዓቱ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ብለው።

ማራኪ_ሰፈር

እሺ፣ ነገ ጠዋት አልፌ ስንት እንደቀራት እቆጥራለሁ። አዘዞ የት ጋ ነው ፋርማሲው? በውስጥ ላክልኝ።